የተስተካከለ ሆፕስ ወይስ የተመረጠ ጌሾ? በጣና ዳር መራራ ተክል ለሚመርጡ ጠማቂዎችና አልሚዎች የቀረበ ንጽጽር

ቢራን የሚያመርረው የሐረግ ተክል፣ ሆፕስ፣ ባሕር ዳር ላይ ይበቅላል፤ ችግሩ ሳያድግ ማበቡ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ከውጭ ሲመለስ የያዘልኝን ሁለት ቁራጭ የሆፕስ ሥር (ዛሬ ቢሆን ያለ ኳራንቲን ፈቃድ አልቀበለውም ነበር) በግቢዬ አጥር ጥግ ተከልኩት፤ አምስት ሜትር ይወጣል ስለተባለም ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና አቁሜ ገመድ ዘረጋሁለት። ሐረጉ ደረቴ ጋ ሲደርስ ማደጉን ትቶ አበበ። ከሁለቱ ተክሎች የለቀምኩት፣ እንደ ትንሽ የጥድ ፍሬ በቅርፊት በቅርፊት የተደራረበው አበባ፣ አንድ እፍኝ አልሞላም። በአውራ ጣቴ ሳሸው ግን ቢጫው ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ፤ ሽታውም የሎሚ ልጣጭና የእጣን ዓይነት ነበር። ተክሉ ሥራውን ያውቃል ማለት ነው፤ ያልተስማማው ከእኛ ቀን ጋር ነው።

የሆፕስ አገሩ ከምድር ወገብ ከ35 እስከ 55 ዲግሪ ርቆ የሚገኘው ምድር ነው። በ50ኛው ዲግሪ አካባቢ በምትገኘው በቼኳ የዛቴጽ ከተማ በሰኔ ወር ቀኑ ከ16 ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ ተክሉም በዚያ ረጅም ብርሃን ወደ ላይ ሲወጣ ቆይቶ ቀኑ ማጠር ሲጀምር ወደ ማበብ ይዞራል። ባሕር ዳር ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነች ረጅሙ ቀናችን ከ12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ እምብዛም አያልፍም፣ አጭሩም ወደ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ለሆፕስ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ እያለቀበት ያለ ይመስለዋል፤ አፈሩና ውሃው የጣና ዳር ሆኖ ሳለ ምርቱ እፍኝ ሆኖ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ያነሳሁት ሰሞኑን ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ስላቀረቡልኝ ነው። አንደኛው በከተማው ዳርቻ አነስተኛ የቢራ መጥመቂያ ለማቋቋም የሚያስብ ወጣት ሲሆን፣ በዘረ መል አርትዖት ቀናችንን የሚችል ሆፕስ ይገኝ እንደሆነ ይጠይቃል። ሁለተኛዋ ዘጌ ላይ ጌሾ ያላት አክስቴ ናት፤ ዘረ መልን እንደ መቀስ ስለሚቆርጠው መሣሪያ፣ ስለ ክሪስፐር፣ ሳወራ ሰምታ፣ “አንተ፣ ያ መቀስ የምትለው ነገር የእኔን ጌሾ ያመርርልኛል?” አለችኝ። የሁለቱም መልስ አንድ አይደለም፤ በጥያቄው ውስጥ ግን ሁለቱም መቀሱን አስቀድመው ተክሉን አስከትለዋል።

መጀመሪያ ጋኑን ማየት

ብዙ ሰው ንጽጽሩን ከተክሉ ይጀምራል። እኔ ከሚጠመቀው መጠጥ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ሆፕስና ጌሾ ሁለቱም መራራ ይባሉ እንጂ መራራነታቸውን የሚሰጡበት መንገድ ፈጽሞ የተለያየ ነው። የሆፕስ መራራነት የሚመጣው አልፋ አሲድ ከሚባሉት ውህዶች ነው። እነዚህ በቀዝቃዛ ውሃ እምብዛም አይሟሙም፤ የብቅሉ ጭማቂ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲንተከተክ ግን ቅርጻቸው ተለውጦ ኢሶ አልፋ አሲድ ይሆናሉ፣ በቢራ ውስጥ የምንቀምሰውም መራራነት በዋናነት የእነዚህ ነው። በጠላ ጌሾው አይፈላም። የጠላ ጠማቂ ቅጠሉን በሙቀጫ ወቅጣ፣ በግራዋ ታጥቦ በወይራ በታጠነ ጋን ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ ትጠነስሰዋለች፤ ከዚያ እንደየቤቱ ልማድ ብቅሉ፣ ቂጣውና እንኩሮው ተከታትሎ ይገባል። እሳት የሚነካው እህሉን እንጂ ጌሾውን አይደለም። ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት የቅጠሉ መራራ ንጥረ ነገር ጌሾይዲን የተባለ፣ ከስኳር ጋር የተጣመረ ውህድ መሆኑን አሳይተዋል፤ ከሆፕሱ አልፋ አሲድ ጋር የሚያዛምደው ነገር የለም። ተክሎቹም ቢሆኑ ቤተሰባቸው የተለያየ ነው።

ስለዚህ ጠላ ለሚጠምቅ ሰው ሆፕስ፣ ተስተካከለም አልተስተካከለ፣ ለሌላ በር የተሠራ ቁልፍ ነው። በጥንስሱ ውስጥ ቢዘፈዘፍ መዓዛውን እንጂ ብዙ መራራነት አይሰጥም። አፍልቶ መጨመርም ሌላ መዘዝ አለው፤ ኢሶ አልፋ አሲድ እንደ ላክቶባሲለስ ያሉትን ባክቴሪያዎች ያዳክማል፣ ይህም ለቢራ ጠማቂ በረከት ሲሆን ጠላ ግን ያን ቆምጠጥ ያለ ጣዕሙን የሚያገኘው ከእነዚሁ ባክቴሪያዎች ነው። የጠላ ጠማቂ አንባቢዎች ከዚህ በኋላ ያለውን የሆፕስ ክፍል ዘለው ወደ ጌሾው ቢሄዱ አልቀየማቸውም።

መቀሱ ምን ይችላል?

ክሪስፐር ካስ 9 ባክቴሪያዎች ቫይረስን የሚከላከሉበት ሥርዓት ነው፤ ጄኒፈር ዱድናና ኢማኑኤል ሻርፐንቲየር እ.ኤ.አ. በ2012 እንደ መቁረጫ መሣሪያ ሊያገለግል እንደሚችል አሳይተው በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ወስደውበታል። መሪ የሆነች አጭር አርኤንኤ መቀሱን ወደ ተፈለገው ቦታ ታደርሰዋለች፣ መቀሱ ዲኤንኤውን ይቆርጣል፣ ሕዋሱ ቁስሉን ሲጠግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፣ በዚያ ስሕተት የተነሳም ያ ዘረ መል ሥራውን ያቆማል። ከዚህ አሠራር የሚከተለውን ነገር ማንም የሚመርጥ ሰው ሊይዘው ይገባል፦ መቀሱ ማጥፋት ይቀለዋል፣ መጨመር ይከብደዋል።

በሆፕስ ላይ መሥራቱን የቼክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ሥራ አሳይተዋል፤ የቆረጡት ተክሉ ቀለሙን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ዘረ መል በመሆኑ ያገኙት ነጫጭ ችግኝ ነበር። ነጭ ችግኝ ለጠማቂ አይፈይድም፤ የተፈለገው መቀሱ መቁረጡን በዓይን ማየት ነበር። ለገበሬ የሚጠቅም ነገር በማጥፋት እንዲገኝ ከተፈለገ የመጀመሪያው እጩ ቅጠሉን ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስለው የሻጋታ በሽታ ነው። ብዙ ተክሎች ኤምኤልኦ የሚባሉ ዘረ መሎች አሏቸው፣ ከእነሱ ትክክለኛው ሲጠፋ ይህ ሻጋታ ቅጠሉን ዘልቆ መግባት ያቅተዋል፤ በስንዴ ላይ ቻይናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን በአርትዖት አሳይተዋል። እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ወጣ ብል የሚፈቀድልኝ ይመስለኛል፤ ይኸው ለውጥ በኢትዮጵያ የገብስ ዘሮች ውስጥ ማንም ሳይነካው ይገኛል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአገራችን ከተወሰዱ የገብስ ናሙናዎች የተገኘው ይህ ባሕርይ ከ1979 ጀምሮ ወደ አውሮፓ የገብስ ዝርያዎች ገብቶ እስከ ዛሬ ሻጋታን እየተከላከለ ነው። ላቦራቶሪው በመቀስ ሊሠራ የሚደክምበትን የእኛ ገበሬ ስሙን ሳያውቅ ከዘር ወደ ዘር ሲያወርሰው ኖሯል።

አርትዖት ከማዳቀል የሚሻልበት ሌላ እውነተኛ ምክንያት አለ። የሆፕስ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የሚበቅሉ ተክሎች ናቸው፣ ከዘር የበቀለ ልጅም እናቱን አይሆንም፤ ስለዚህ የታወቀ ዝርያ የሚባዛው ከቁራጭ እንጂ ከዘር አይደለም። ሳዝ የተባለውን ዝርያ ከሌላ ያዳቀለ ሰው የሚያገኘው የተሻሻለ ሳዝ ሳይሆን አዲስ ተክል ነው፣ የቢራው ጣዕምም አብሮ ይሄዳል። መቀሱ በመርሕ ደረጃ ሳዝን እንደነበረ ትቶ አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ብቻ ይለውጣል። ይሁንና ይኸው ጥቅም መልሶ የሚያንቅ ነገር አለው፣ በመሸጫ ወሬው ላይ ሲነገርም አልሰማሁም። መቀሱን ለማስገባት የተለመደው ዘዴ የመቀሱን ዘረ መል ራሱን ተክሉ ውስጥ ትቶ ይወጣል። በቲማቲም ቢሆን በሚቀጥለው ትውልድ በማዳቀል ያጠሩታል፤ በሆፕስ ግን ለማጥራት ሲያዳቅሉ ሊጠብቁት የፈለጉት ዝርያ ይጠፋል። የሚቀረው መንገድ ግድግዳዋ በተነሳ አንዲት ሕዋስ ውስጥ መቀሱን በፕሮቲን መልኩ ብቻ አስገብቶ ከእሷ ሙሉ ተክል ማብቀል ነው፣ ይህም አድካሚ ሥራ ነው።

መራራነትን መጨመር ከተፈለገ ደግሞ የአሮጌው መንገድ ማስረጃ እስካሁን ይበልጣል። አልፋ አሲድ የብዙ ዘረ መሎች የጋራ ውጤት ነው፣ አንዱን በመቁረጥ በቀላሉ አይጨምርም። ሳዝ ከ3 እስከ 4 በመቶ አልፋ አሲድ ሲይዝ ሄርኩሌስ የተባለው የጀርመን ዝርያ ከ14 እስከ 17 በመቶ ይይዛል፤ እዚህ የደረሰው ያለ አንዳች መቀስ፣ በማዳቀልና በመምረጥ ነው። የብዙዎቹ በጣም መራራ ዝርያዎች የጥንት ዘመድ የምትባለው ብሪወርስ ጎልድ ከካናዳዋ ማኒቶባ የመጣች የዱር ሆፕስ ልጅ ናት፤ በእንግሊዙ ዋይ ኮሌጅ በ1919 እ.ኤ.አ. በቅላ ለገበሬ የተለቀቀችው በ1934 ነው። ዋጋው እንግዲህ ዓመታት ነው፣ ዓመታት ደግሞ በአየር ንብረት ለውጥ የተነሳ አሁን ውድ ሆነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ ላይ የወጣ ጥናት እስከ 2050 ድረስ የአውሮፓ የሆፕስ ምርት ከ4 እስከ 18 በመቶ፣ የአልፋ አሲድ ይዘቱ ደግሞ ከ20 እስከ 31 በመቶ እንደሚቀንስ ገምቷል። ፋብሪካዎቻችን ሆፕስን ከውጭ ስለሚያስመጡ ይህ እጥረት እኛ ጠርሙስ ድረስ ይመጣል።

ቀኑን ማስረዘም

የወጣቱ ጥያቄ ግን ስለ መራራነት ሳይሆን ስለ ቀን ርዝመት ነበር፣ ለዚህም ከመቀሱ በፊት አምፖል አለ። በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ሆፕስ ለማፍራት የክረምት ቅዝቃዜና እንቅልፍ የግድ እንደማያስፈልገው፣ የብርሃኑ ሰዓት ከተስተካከለለት ዓመቱን ሙሉ ሊመረት እንደሚችል አሳይቷል። በደቡብ አፍሪካ ጆርጅ አካባቢ፣ 34ኛው ዲግሪ ላይ፣ ገበሬዎች በመጀመሪያ ማሳው ላይ መብራት እየሰቀሉ ቀኑን ያስረዝሙ ነበር፤ ኋላ ግን በማዳቀል አጭር ቀን የሚችሉ ዝርያዎችን አውጥተው መብራቱን ተዉት። ሁለቱም መንገድ ከመቀስ ይቀድማል፣ ሁለቱም ተፈትኗል። እርግጥ ጆርጅ ከእኛ ሦስት እጥፍ ያህል ከምድር ወገብ የራቀች ናት፤ የዚያ ዝርያ እዚህ መጥቶ ያለ መብራት አምስት ሜትር ይወጣል ብዬ ገንዘቤን አላስይዝም። መብራቱም የራሱ ጉዳይ አለው፤ ማበቢያው እንዳይቀድም በየምሽቱ ሳይቋረጥ መብራት አለበት፣ በእኛ ሰፈር ደግሞ መብራት በወሳኙ ሳምንት ለሦስት ሌሊት ከጠፋ ሐረጉ ደረት ላይ አብቦ ይጠብቃል። በትንሽ ማሳ፣ በፀሐይ ኃይልና በባትሪ ቢሞከር ሊያዋጣ ይችላል፤ በሄክታር ደረጃ ግን አልመክረውም።

አራተኛ አማራጭም በአጭሩ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2018 የካሊፎርኒያ በርክሌይ ተመራማሪዎች የቢራ እርሾን በአርትዖት ለውጠው፣ ከበሶብላና ከናና በተወሰዱ ዘረ መሎች አማካይነት፣ የሆፕስን መዓዛ የሚሰጡትን ሊናሉልና ጄራኒዮል እርሾው ራሱ እንዲሠራ አድርገዋል። መዓዛውን እንጂ መራራነቱን አይተካም። ብልህ ሥራ ነው፣ ለዚህ ከተማ ግን ዛሬ የሚያገለግል አይደለም።

ስለ ሕጉም ማወቅ ያለበት ሰው ብዙ ነው። የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001፣ በአዋጅ ቁጥር 896/2007 እንደተሻሻለው፣ ልውጠ ሕያዋንን ያለ ፈቃድ ማስገባትንም ሆነ መልቀቅን ይከለክላል፤ የመቀሱ ዘረ መል የቀረበት ተክል ከዚህ ሊያመልጥ አይችልም። በሩ ዝግ አይደለም፣ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ልውጠ ሕያው ጥጥን ፈቅዳለች፤ ነገር ግን ማመልከቻውና የአደጋ ግምገማው የአንድ አነስተኛ መጥመቂያ አቅም አይደለም። ስለዚህ ለወጣቱ የሰጠሁት ምክር አጭር ነበር፦ ሆፕሱን እንደ ሌላው ፋብሪካ የተጠቀጠቀውን ከውጭ ይግዛ፣ ለመትከል የያዘውን ገንዘብ ደግሞ ማንም ቢራ ጠማቂ በደጁ ለማያገኘው ተክል ያውለው።

ጌሾውን መምረጥ

ያ ተክል ጌሾ ነው። ዘጌ በልማዱ ሞፈርና ቀንበር የማይገባበት ምድር ስለሆነ ኑሮው የተመሠረተው በቡና፣ በሎሚና በጌሾ ላይ ነው፤ የአክስቴም ጌሾ ከቡናው ጋር በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ተለይቶ በጀልባ ይመጣና ቅዳሜ ገበያ ላይ ይሸጣል። ገዢዎቿ ሁሌ አንድ ዓይነት ቅሬታ አላቸው፤ የዚህ ወር ቅጠል ካለፈው ወር ያነሰ መራራ ነው፣ በዚያው ስፍር ሲጠነስሱት ጠላው ይለሰልስባቸዋል።

መቀሱ ይህን ያስተካክላል ወይ? ለመቀስ ሦስት ነገር በእጅ መኖር አለበት፦ የተክሉ የዘረ መል ንባብ፣ ከዚያ ውስጥ መራራውን የሚሠራው ክፍል ተለይቶ መታወቁ፣ ከአንዲት ሕዋስም ሙሉ ቁጥቋጦ የማብቀል ዘዴ። ለሆፕስ ካስኬድ የተባለው ዝርያ ረቂቅ ንባብ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል፣ አልፋ አሲድን የሚሠሩት ዋና ዋና ዘረ መሎችም ተለይተዋል፤ ለዚህ የበቃው ግን ብዙ ገንዘብ ያለው ኢንዱስትሪ ለዘመናት ስለደገፈው ነው። ለጌሾ ይህን ከሥሩ መሥራት ለተመራማሪ መልካም የሕይወት ዘመን ሥራ ሲሆን ለአክስቴ ግን የዘንድሮ መልስ አይሆንም። ከዚያም በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ልዩነቱ ከዘሩ ነው ከቦታው?

ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ ከስሬአለሁ። በአክስቴ ማሳ አጥር ጥግ አንዲት ጌሾ አለች። አክስቴ ለጋም ያልሆነ ያላረጀም ቅጠል ቀጥፋ፣ በጣቶቿ አሽታ፣ በፊት ጥርሷ ትነክሰዋለች፤ ፊቷ ሲጨማደድ “ይቺ ናት” ትላለች። እኔም አምኜ ከእሷ ሠላሳ ቁራጭ ወስጄ፣ የያዙልኝን ጥቂቶች ከቡናው ሥር ተከልኩ። ከሁለት ክረምት በኋላ ቅጠላቸው እንደማንኛውም ጌሾ ሆነ። የአጥሯ ጌሾ የቆመችው ጥላ በሌለበት፣ ድንጋይ በበዛበት ቦታ ላይ ነው፤ ለካስ የመረጥኩት ቦታውን እንጂ ተክሉን አልነበረም። ይህ ስሕተት በላቦራቶሪ ደረጃ ቢሠራ ኖሮ የሌለ ዘረ መል ፍለጋ ስንት ዓመት ይባክን እንደነበር ማሰብ አያዳግትም።

ከዚያ በኋላ የምሠራበት መንገድ የሚከተለው ነው፣ ወጪውም ሚዛንና ትዕግሥት ነው። ከማሳው አሥራ ሁለት እናት ተክሎች ይለዩና ቁጥር ይሰጣቸዋል። ከእያንዳንዷ እድሜው ተመሳሳይ የሆነ ቅጠል በአንድ ቀን ተለቅሞ በጥላ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ የደረቀና ጥላ ላይ የደረቀ ተደባልቆ ከቀረበ ቅምሻው ዋጋ የለውም። ከየአንዳንዱ 20 ግራም በአንድ ሊትር ውሃ ለሁለት ቀን ይዘፈዘፋል፣ ይጠለላል፣ በቁጥር ብቻ በተለዩ ሲኒዎች ለሦስት ቀማሾች ይቀርባል። ቀማሾቹ የትኛው በለጠ ብለው አይከራከሩም፤ እያንዳንዱ በእኩል ውሃ ይበረዛል፣ እንደገና ይበረዛል፣ መራራነቱ የጠፋበት ዙር ይመዘገባል። ብዙ ዙር የቆየችው የበለጠ መራራ ናት። ይኸው ሥራ በክረምትም በበጋም ይደገማል፣ ምክንያቱም በነሐሴ የበለጠች በመጋቢት ልትወድቅ ትችላለች። በሁለቱም የጸናችው ብቻ ትመረጥና ከሌሎቹ ቁራጮች ጋር ጎን ለጎን በአንድ አፈር፣ በአንድ ጥላ ትተከላለች። ልዩነቱ እዚያም ከጸና ከዘሩ ነው፤ ካልጸና ከቦታው ነው፣ ያን ጊዜ መደረግ ያለበት ጥላውን ማሳሳት ወይም የለቀማ ጊዜን መለወጥ ነው። ከዘር የሚበቅል ችግኝ ርካሽ ቢሆንም ለዚህ አይሆንም፣ እያንዳንዱ የራሱን መልክ ይዞ ይወጣልና። ቁራጩም ሁሉ አይዝም፤ በአሸዋ፣ በጥላና በላስቲክ ሽፋን ሥር ተደርጎ እንኳ ብዙው እንደሚደርቅ ታስቦ አብዝቶ መጀመር ያስፈልጋል።

መቀሱ በዚህ ሁሉ መጨረሻ ላይ ቦታ ሊኖረው ይችላል። ጎን ለጎን ተተክለው ልዩነታቸውን የጠበቁ አንዲት መራራና አንዲት ለስላሳ ጌሾ ያለው ሰው፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዘንዘልማ ግቢም ሆነ በሌላ ቦታ ላለ የዘረ መል ተመራማሪ የሚያወዳድረው ነገር ሰጥቶታል ማለት ነው፤ ያለ እነዚያ ሁለት ቁጥቋጦዎች ግን ተመራማሪው ምን እንደሚፈልግ አያውቅም።

በእኛ ማሳ ሥራው ግማሽ ላይ ደርሷል። በሁለቱም ወቅት ቅምሻ ሰባት ቁጥር አንድም ቀማሽ ሳይለያይ ከሁሉ በላይ ዙር ቆየች፤ የአጥሯ ጥግ ጌሾ አራተኛ ወጣች። ቁጥሮቹን አንብቤ ለአክስቴ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ስነግራት ሰባት ቁጥር ያለበትን ሲኒ አንስታ እንደገና ቀመሰችው፣ ትንሽ ዝም አለች፣ “ይሁን፣ ከእሷም ቁረጥ፤ እኔ የማስጠምቀው ግን ከአጥሯ ነው” ብላ ሲኒውን አስቀመጠችው። የሰባት ቁጥር ቁራጮች አሁን ከአጥሯ ቁራጮች ጋር በአንድ መደብ ላይ በላስቲክ ሥር ናቸው።